ማማ የሌለው ጓሮ፦ አትክልትን ከሽኮኮ የመጠበቅ ጥበብ

አክስቴ የሚነሡት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከይፋት ቆላ ተነሥተው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሲመጡ ብዙ ነገር ትተዋል፤ ይህን ልማዳቸውን ግን አልተዉም። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ጤና አዳሙን አንድ በአንድ እያዩ ይዞራሉ። በዚያ የሐምሌ ማለዳ ግን ከወትሮው ፈጥነው ተመለሱ። መዳፋቸው ላይ አንድ ቲማቲም ይዘዋል። ግማሹ ቀልቷል፤ ሌላው ግማሽ ተቦጭቋል።

«ውጣና እይ» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። «አገር ቤት ቢሆን ጦጣ ገባ እል ነበር።»

ተከትያቸው ወጣሁ። ስድስት ቲማቲሞች መሬት ላይ ወድቀዋል። እያንዳንዳቸው አንዴ ወይም ሁለቴ ተነክሰዋል፤ ተበልቶ ያለቀ ግን አንድም የለም። ከሦስት ቀን በፊት የተከልኳቸው የበሶብላ ችግኞች ከነሥራቸው ተነቅለው ተጋድመዋል። ሣሩ ላይ ደግሞ ሳንቲም የሚያህል አፍ ያላቸው ትንንሽ ጉድጓዶች እዚህም እዚያም ተቆፍረዋል። ቀና ስንል፣ ጓሮው ላይ ጥላውን የጣለው ትልቁ የኦክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ግራጫ ፍጡር ጭራዋን በጀርባዋ ላይ አጥፋ ቁጢጥ ብላለች። በሁለት የፊት እጆቿ አረንጓዴ ቲማቲም ይዛ እያዞረች ታየዋለች።

አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቷት። ከዚያ «እጇን አየኸው? እንደ ሰው ነው የምትይዘው» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣም አድናቆትም ነበረ።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግቢ ያለው ሐበሻ ሁሉ ይህን ማለዳ ያውቀዋል። ዘሩን ከአገር ቤት አስመጥቶ፣ ችግኙን በመስኮት ዳር አሳድጎ፣ አፈሩን ገዝቶ ያለማው ሰው ፍሬው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ያጣዋል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያንን አንድ ቀን ለማትረፍ ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት እንስሳ

እኛ ሽኮኮ እያልን የምንጠራት ይህች እንስሳ አገር ቤት ሽኮኮ ከምንላት የተለየች ናት። በኢትዮጵያ ተራሮች ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምናያት፣ ጭራ የሌላት፣ መጽሐፈ ምሳሌ ቤቷን በቋጥኝ ውስጥ ስለምትሠራ ከጥቃቅን ጥበበኞች ጋር የቆጠራት ሽኮኮ በዘር ሐረጓ ለዝሆን የምትቀርብ ፍጡር ናት። የአሜሪካዋ ግን የአይጥ ወገን ናት። የምትኖረው በዛፍ ላይ ነው፤ ጭራዋ የአካሏን ግማሽ ያህላል። ስደተኛው ለአዲሱ እንስሳ የሚያውቀውን ስም አውሶታል። ስሙ ከአፋችን ስለማይወጣ እኔም እዚህ ሽኮኮ እላታለሁ፤ ጠባያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። አገር ቤት ያለችው ቅጠል ለቃቅማ ወደ ድንጋይዋ ትመለሳለች። ይህችኛዋ ቆፍራ ትቀብራለች፣ ትዘላለች፣ ሽቦ ትወጣለች፣ ፕላስቲክ ትቆረጥማለች።

በአሜሪካ ምሥራቅ የሚገኘው ግራጫ ሽኮኮ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ፣ ወደ ጎን ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይዘላል። የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ወደ ኋላ ስለሚዞር ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከዛፍ መውረድ ይችላል። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ሲያኝክ፣ ሲፍቅ ይኖራል። በ1987 አንድ ሽኮኮ በኮኔቲከት ግዛት የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ባደረሰው አደጋ ናስዳክ የተባለው የአክሲዮን ገበያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሥራ አቁሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ሽኮኮ ይህን ገበያ ጸጥ ካሰኘ፣ በቀጭን የፕላስቲክ መረብ የተሸፈነ የቲማቲም መደብ ብዙም አያስቸግረውም።

ሣሩን ለምን ይቆፍራል?

ከሁሉ በፊት ጉድጓዱን ማንበብ ያስፈልጋል። የሽኮኮ ጉድጓድ ትንሽ ነው፤ ጥልቀቱ ከጥቂት ሳንቲሜትር አያልፍም፤ ብዙ ጊዜም ቆፋሪዋ ራሷ ትመልሰዋለች። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተገልብጦ ከተገኘ ግን ሥራው የሌላ ነው፤ ከሣሩ ሥር ያሉ ትሎችን ፍለጋ ሌሊት የወጣ ራኩን ወይም ስካንክ የተባለ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ሽኮኮ ሌሊት አይወጣም። የሚሠራው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ሽኮኮ ጎተራ የለውም። ለውዙን፣ የኦክ ፍሬውን፣ ያገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ በየቦታው ይቀብራል። አንድ ጎተራ ቢኖረው አንድ ሌባ ሁሉንም ይወስድበት ነበር፤ በሺህ ቦታ ቢበትነው ግን ማንም አይጨርሰውም። ታዲያ ያን ሁሉ እንዴት ያስታውሳል? በ1991 ሉሲያ ጄኮብስና ኤሚሊ ሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች ሽኮኮዎች ለውዝ እንዲቀብሩ አድርገው፣ ከቀናት ቆይታ በኋላ እንዲፈልጉ ለቀቋቸው። እያንዳንዱ ሽኮኮ በቅርብ ርቀት ሌሎች ከቀበሩት ይልቅ ራሱ የቀበረውን አብልጦ አገኘ። የሚመራው ሽታ ብቻ ቢሆን የራሱን ከሌላው ባልለየ ነበር። ሌላ ሽኮኮ እያየው እንደሆነ ሲያውቅ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የቀበረ መስሎ፣ ፍሬውን በአፉ ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ከዚህም የሚገርም ነገር አለ። የነጭ ኦክ ፍሬ መሬት እንደነካ በዚያው ወቅት ይበቅላል፤ የቀይ ኦክ ፍሬ ግን ብርዱ እስኪያልፍ ይተኛል። ሽኮኮው ሁለቱን ይለያቸዋል። ቀዩን እንዳለ ይቀብራል። ነጩን ብዙ ጊዜ እዚያው ይበላዋል፤ የሚያስቀምጠው ከሆነ ደግሞ እንዳይበቅልበት መብቀያውን በጥርሱ ነቅሎ ይቀብረዋል። ገበሬ ዘሩን እንደሚያውቅ ያውቀዋል ማለት ነው።

ይህን ካወቅን የጓሮው ነገር ይገባናል። አዲስ የተቆፈረና የለሰለሰ አፈር ለሽኮኮ ሁለት መልእክት አለው፤ ወይ እዚህ የተቀበረ ነገር አለ፣ ወይም እዚህ ለመቅበር ቀላል ነው። በሶብላዬን የነቀለችው ጠልታው አይደለም። ችግኙን ስተክል ያለሰለስኩት አፈር ጠራት።

ወደ ከተማ ያመጣቸው ሰው ነው

ሽኮኮ ከተማ የገባው ራሱ ፈልጎ ይመስለን ይሆናል። ታሪኩ ሌላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ከተሞች ዛፋቸው ተመንጥሮ ሽኮኮ ብርቅ ሆኖባቸው ነበር። በ1847 ፊላደልፊያ ውስጥ ፍራንክሊን አደባባይ በተባለው መናፈሻ ሦስት ሽኮኮዎች ተለቀቁ፤ ሕዝቡ እንዲያያቸውና እንዲመግባቸው ነበር የታሰበው። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። በዋሽንግተን ደግሞ በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን፣ በ1902 እና በ1906፣ ከካናዳ ኦንታሪዮ የመጡ 18 ጥቁር ሽኮኮዎች በብሔራዊው የእንስሳት መኖሪያ ተለቀቁ። እነዚህ ከግራጫው ጋር አንድ ዝርያ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ መንገዶች የምናያቸው ጥቁር ሽኮኮዎች የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆች ናቸው። በለንደን መናፈሻዎች ሐበሻው የሚያየው ግራጫ ሽኮኮም ከአሜሪካ በሰው እጅ የሄደ ነው፤ እዚያ የአገሩን ቀይ ሽኮኮ ከብዙ ቦታ አስለቅቋል።

ከሽኮኮ ጋር መጣላትም አዲስ ነገር አይደለም። በ1954 ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በኋይት ሐውስ ግቢ የጎልፍ መለማመጃ ሣር አስተከሉ። ከእሳቸው በፊት በነበሩት ዘመናት ከሰው እጅ መመገብ የለመዱት የግቢው ሽኮኮዎች ያንን ለስላሳ ሣር ለውዝ መቅበሪያ አደረጉት። ወጥመድ ተጠመደ፤ የተያዙትም ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። በ1955 የኦሪገኑ ሴናተር ሪቻርድ ኑበርገር ድርጊቱን በመቃወም በመለማመጃው ዙሪያ አጥር እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። የዓለም ኃያል መንግሥት መሪ ሣራቸውን ከግማሽ ኪሎ እንስሳ ማስጣል ከብዷቸው ነበር። የሴናተሩ ሐሳብ ግን ትክክለኛ ነበረ፤ ሽኮኮውን ከማሳደድ ሣሩን ማጠር።

ይዞ መውሰድ ደግነት ነውን?

«ይዘን ጫካ ብንጥላትስ?» አልኳቸው አክስቴን በዚያው ማለዳ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ደግነትም ይመስላል።

በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ይህንን መርምሮታል። ከከተማና ከከተማ ዳር ግቢዎች የተያዙ 38 ጎልማሳ ግራጫ ሽኮኮዎች ትልቅ ጫካ ውስጥ ተለቀቁ። በ88 ቀናት ውስጥ ከ100 እጅ 97 እጁ ሞተ ወይም ከአካባቢው ጠፋ። ምክንያቱ አይከብድም። በአዲሱ ቦታ የቀበሩት ምግብ የለም፤ ጎጆ የለም፤ ቦታው ባለቤት አለው፤ ጭልፊቱ የት እንደሚያደባ አያውቁም። እናት ከሆነች ደግሞ ልጆቿ ጎጆ ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ፤ ግራጫ ሽኮኮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ብርዱ ሊያበቃ ሲልና በሙቀቱ ወራት ትወልዳለችና። በዚህ ላይ ሕጉ አለ፤ በቨርጂኒያ የዱር እንስሳን ይዞ ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ የተከለከለ ነው። በሌሎች ግዛቶችም ወጥመድ ከመጥመድ በፊት የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ግድ ነው። ጥቅሙም የለም፤ የተለቀቀውን ቦታ የጎረቤት ሽኮኮ ወዲያው ይይዘዋል።

መርዝ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። መርዙ ሽኮኮዋ ላይ አያበቃም፤ እሷን ወደሚበላው ጭልፊት፣ ወደ ጎረቤት ድመት፣ በሣሩ ላይ ወደሚድኸው ሕፃን ይደርሳል። ብዙ እናቶቻችን የሚያውቁት ናፍታሊንም እንዲሁ ነው። የተሠራው ተዘግቶ ለሚቀመጥ ልብስ ነው፤ አፈር ላይ ሲበተን አፈሩን ይበክላል፣ ከረሜላ ለሚመስለው ልጅም አደጋ ነው። እባካችሁ ከጓሯችሁ አርቁት።

አክስቴ ስለ ጫካው ላነሣሁት ሐሳብ የሰጡት መልስ ከጥናቱ አጭር ነበር። «ዝንጀሮን ማን ጨርሶት ያውቃል ልጄ? እኛ የምንጠብቀው እሸቱን ነበር።»

ከማማ ላይ የተገኘ ትምህርት

አክስቴ ልጅ ሳሉ በይፋት የአባታቸውን ማሽላ ጠብቀዋል። ማሽላው ሲያሸት ማሳው መሃል በእንጨት ማማ ይሠራል። ልጆቹ ወንጭፋቸውንና ጠጠራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጠዋት ለወፉ፣ ቀን ለዝንጀሮው፣ ማታ ለከርከሮ እየተቀያየሩ። ማሽላው በቡቃያነቱ ሳለ ማንም ማማ ላይ አይወጣም፤ ከታጨደ በኋላም የለም። «ዓመቱን ሙሉ ብንጠብቅ እኛ እናልቅ ነበር» ይላሉ። «ሰብል የሚጠበቅበት ቀን አለው።»

እኔ ስንት ዓመት ስደክምበት የኖርኩትን ነገር ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከፈተችልኝ። ግቢውን በሙሉ ከሽኮኮ ነጻ ለማድረግ ደክሜ ነበር። መጠበቅ የነበረብኝ ግን ሦስት ነገር ነው፤ ዘሩ መሬት ውስጥ ያለበትን ሳምንት፣ ችግኙ ሥር የሚሰድበትን ሳምንት፣ ፍሬው የሚቀላበትን ሳምንት። ከዚያ ወዲያ ግቢው የእሷም ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ደጃፉን ያወቀ ግን በሩን መዝጋት ብቻ ይበቃዋል።

በሩ የሚዘጋው በሽቦ ነው

ከሁሉ የሚታመነው መከላከያ የብረት ወንፊት ሽቦ ነው፤ ዝገት እንዳይዘው በዚንክ የተለበጠና ቀዳዳው ከ1.25 ሳንቲሜትር ያልበለጠ። የዶሮ ሽቦ ይረክሳል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ትንንሾቹ ሊሾልኩበት ይችላሉ፣ ቶሎም ይጣመማል። የፕላስቲክ መረብ በጥርስ ይበጠሳል፤ በዚያ ላይ ወፍና እባብ ይጠላለፍበታል።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ሠራነው። ለመደቡ ልክ የሚሆን የእንጨት ፍሬም አበጀን፤ ወንፊት ሽቦውን ከአራት ጎንና ከላይ ወጠርንበት። ክዳኑን በማጠፊያ አያይዘን መንጠቆ አደረግንለት፤ ሽኮኮ ቀላል ክዳን በጭንቅላቷ ገፍታ ታነሣለችና። የሽቦውን ጫፍ በጓንት እየያዝን ወደ ውስጥ ቀለበስነው። ከታችም ቆፍራ እንዳትገባ ሽቦው አፈር ውስጥ አንድ ጋት ያህል እንዲሰምጥ አደረግን።

ሁሉም ሰብል ሁልጊዜ ቤት አያስፈልገውም። ለዘርና ለአዲስ ችግኝ ሽቦውን መሬት ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ዘርግቶ ጫፉን በድንጋይ መያዝ ይበቃል። ቡቃያው በቀዳዳው ያልፋል፤ ከአፈሩ ላይ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ሽቦው ይነሣል። አዲስ ለተዘራ ሣርም እንዲሁ ነው፤ ሥር እስኪይዝ ድረስ በቀላል ጆንያ ጨርቅ ወይም በሽቦ መሸፈን ይበቃል። ቲማቲምና ቃሪያ አበባቸው ራሱን ስለሚያዳቅል ሽቦ ውስጥ ቢውሉም ያፈራሉ። ዱባና ዝኩኒ ግን ንብ ይፈልጋሉ፤ አበባቸው በሚከፈትበት ማለዳ ክዳኑን ከፍቶ ንቦቹን ማስገባት ያስፈልጋል። ሽኮኮም በማለዳ ስለሚወጣ ያን ጊዜ ቡና ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ነው። የእኛ ማማ እሱ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት የቱሊፕ አበባ ሥር ለሚተክሉ አንድ ምክር አለኝ። ቱሊፕ ሥሩ እንደ ሽንኩርት ነው፤ ለሽኮኮ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ከተተከለ በኋላ በላዩ ወንፊት ሽቦ ዘርግቶ ጥቂት አፈር ማልበስ፣ በላዩም ያለውን ልጣጭና ፍርፋሪ መጥረግ ይጠቅማል፤ ሽታው ይጠራልና። ወይም ዳፎዲል የተባለውን አበባ መትከል ነው። የዳፎዲል ሥር መርዛማ ስለሆነ ሽኮኮ አይነካውም።

የቲማቲሙ ቀን

ሽኮኮ ቲማቲሙን ለምን አንዴ ብቻ ነክሶ ይጥለዋል? ብዙ አትክልተኞች ውኃ ፍለጋ ነው ይላሉ፤ በእርግጥም ጉዳቱ የሚበረታው በደረቅና በሞቃት ቀን ነው። እኛም ከመደቡ ራቅ አድርገን የውኃ ገበታ ማስቀመጥ ጀምረናል፤ ጠዋት ጠዋት ውኃው ይቀየራል። ወፎቹም ይጠጡበታል።

ትልቁ መፍትሔ ግን በመልቀሚያው ቀን ላይ ነው። ቲማቲም ሙሉ በሙሉ እስኪቀላ ግንዱ ላይ መቆየት አያስፈልገውም። አረንጓዴው ለቆ መጀመሪያ ሮዝ ቀለም ሲታይበት ፍሬው ከግንዱ ጋር ያለውን ግንኙነት መዝጋት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ተለቅሞ ከፀሐይ በራቀ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ጣዕሙ ሳይጎድል በጥቂት ቀናት ይቀላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ አይግባ። ሽኮኮዋ ከኛ አንድ ቀን ቀድማ የምትመጣው እኛ ለአንድ ቀን ስለምንስገበገብ ነበር። አሁን ቀዳሚዎቹ እኛ ነን።

በርበሬ ወደ አገሩ ሲመለስ

አክስቴ ሽቦውን ወደዱት፤ የራሳቸው ዘዴ ግን ነበራቸው። ከማዕድ ቤት ሚጥሚጣ ይዘው ወጡና በበሶብላው መደብ ዙሪያ አፈሩ ላይ ነሰነሱ። ሳይንሱ ከእሳቸው ጋር ነው። ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ይህ ንጥረ ነገር የሚነካውን የነርቭ በር አገኙ፤ ያው በር የእሳትን ሙቀትም የሚለይ ነው። ለዚህም ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በሩ በሰውም በሽኮኮም አለ። በወፍ ላይ ያለው ግን ለካፕሳይሲን አይከፈትም፤ ወፍ ቃሪያ ብትበላ አያቃጥላትም። ተክሉ ዘሩን በጥርሱ የሚፈጨውን አጥቢ እንስሳ እየመለሰ፣ ሳትፈጭ ውጣ ሩቅ የምትጥልለትን ወፍ የመረጠው በዚህ መንገድ ነው። የበርበሬ ጥንተ አገሩ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የእኛ ወጥ ሆነ። አሁን ደግሞ በአንዲት የይፋት ሴት እጅ ወደ አሜሪካ አፈር ተመልሶ የድሮ ሥራውን ይሠራል።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ዝናብ ያጥበዋል፤ ከዝናብና ከውኃ ማጠጣት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ነፋስ ባለበት ቀን ዓይን ውስጥ ይገባል። ልጅ በሚጫወትበትና ውሻ በሚተኛበት ቦታ አይነሰነስም። አበባ ላይም አይደረግ፤ ንቦች ይቀመጡበታል። በጣም የራበው ሽኮኮ ደግሞ ችሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሚጥሚጣ ሽቦን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ወፍ ለሚመግቡ ሰዎችም ከአገራችን የሄደ መፍትሔ አለ። ለሽኮኮ ትልቁ ግብዣ የወፍ መመገቢያው ነው፤ በተለይ የሱፍ አበባ ፍሬ ያለበት። እኛ ለጾም ፍትፍት የምንወቅጠውን ሱፍ ግን ሽኮኮ እምብዛም አይወደውም፤ ብዙ ወፎች ደግሞ ይበሉታል። ኑጋችንም በአሜሪካ የወፍ ምግብ መደብር ይሸጣል። ከኢትዮጵያና ከሕንድ ይመጣል፤ እንዳይበቅልና የአረም ዘር እንዳያዛምት በሙቀት ይታከማል። ጎልድፊንች የምትባለው ቢጫ ወፍ ትወደዋለች፤ ሽኮኮ ደቃቃውን ፍሬ ብዙም አይፈልገውም። መመገቢያው ከዛፍና ከአጥር ሦስት ሜትር ርቆ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ምሰሶው ላይም የተደፋ ጎድጓዳ ሰሃን የመሰለ ቆርቆሮ ቢደረግለት ሽኮኮ አይደርስበትም። ከመሬት የወደቀውን ፍሬ ማታ መጥረግ ደግሞ የሁሉ መሠረት ነው።

የፕላስቲክ ጉጉት ለጥቂት ቀናት ያስፈራል፤ ሽኮኮው እንደማይንቀሳቀስ ሲያውቅ አጠገቡ ይቀመጣል። እንቅስቃሴ ሲሰማው ውኃ የሚረጨው መሣሪያ የተሻለ ነው፤ እሱም ቦታው ካልተቀያየረ ይለመዳል። ያቺ ሁሉን የምታስታውስ እንስሳ የትኛው ነገር እንደማይጎዳት ለማስታወስም አትሰንፍም።

ዛፉ ያላፈራ ዓመት

አንዳንድ ዓመት ጉዳቱ ይበረታል። ኦክ በየዓመቱ እኩል አያፈራም፤ አንድ ዓመት ምድርን ይሸፍናል፣ ሌላ ዓመት ይነጥፋል። በ2008 በሰሜን ቨርጂኒያ አርሊንግተን አካባቢ ሰዎች የኦክ ፍሬ ፈልገው እስኪያጡ ድረስ ዛፎቹ ነጥፈው ነበር። ብዙ ፍሬ ባለበት ዓመት የተወለዱ ሽኮኮዎች በንጥፈቱ ዓመት ይራባሉ፤ ያን ጊዜ የማይነኩትን ሁሉ ይነካሉ። ስለዚህ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ቀና ብሎ ኦኩን ማየት የአትክልተኛ ሥራ ነው። ዛፉ ባዶ ከሆነ የክዳኑን መንጠቆ በጊዜ ማጥበቅ ነው።

ቤቱንም አንርሳ። ብርድ ሲመጣ ሽኮኮ ጣሪያ ሥር መግባት ይሻል። ወደ ጣሪያው የተዘረጋ ቅርንጫፍ ካለ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቆረጥ። ቀዳዳ ካለም ከመድፈን በፊት ውስጡ ልጆች አለመኖራቸው ይረጋገጥ፤ እናትን ውጭ ዘግቶ ልጆችን ውስጥ መቅበር ግፍ ነው፤ እሷም ልጆቿን ለማግኘት ጣሪያውን ትሰብራለች።

በጥቅምት ማታ

አክስቴ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ አንድ የጥቅምት ማታ አብረን ጓሮ ወጣን። በመስኮቱ ደፍ ላይ ሮዝ ሳሉ የለቀሟቸው የመጨረሻዎቹ ቲማቲሞች ተራ ይዘው እየቀሉ ነው። ያቺ ግራጫ ሽኮኮ ሣሩ ላይ ነበረች። በአፏ የኦክ ፍሬ ይዛ ወዲህ ወዲያ አለች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ በሁለት እጆቿ ፈጥና ቆፈረች፣ ፍሬውን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አስገባች፣ አፈሩን መለሰች፣ ሣሩንም በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

አክስቴ እስክትጨርስ ድረስ ቆመው ጠበቋት። ሣሩን ስለቆፈረች አልተቆጡም። «የክረምት ስንቋ ነው» አሉ። «ስንቁን በሰው ማሳ የሚቀብር ባለማሳውን አምኖት ነው።»

ከዚያ ወደ መደቡ ዞሩ። የሽቦውን ቤት ክዳን ዘጉ፣ መንጠቆውን አጠበቁ፣ በጣታቸው አራቱንም ማዕዘን እየነካኩ ዞሩት፤ በልጅነታቸው ከማማው ወርደው ማታ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት የአባታቸውን የማሳ አጥር እንደሚነካኩት። አንዱ ማዕዘን ላይ ሽቦው ላላ ብሏል። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ቀለበሱት፣ አፈር አለበሱት፣ በእግራቸውም ረገጥ ረገጥ አደረጉት።